ዶልፊን፦ ቪዲዮን በውስጡ የሚያጫውት ፋይል ማኔጀር፣ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሰርግ ተቀርጾ ማታ ሚሞሪ ካርዱ ኮምፒውተር ላይ ሲሰካ «ሙሽራዋ ስትወጣ» ወይም «ኬክ ቆረሳ» የሚል ፋይል አይጠብቅዎትም። የሚጠብቅዎት 00014፣ 00015፣ 00016 ነው። የትኛው ቅልቅል፣ የትኛው መልስ፣ የትኛው ደግሞ ካሜራው ሳይጠፋ መኪና ላይ ሲጫን የቀረጸው የሰው ጫማ እንደሆነ ከስሙ መለየት አይቻልም። እኔ ይህን የመለየት ሥራ የምሠራው ዶልፊን በሚባል ፋይል ማኔጀር ነው። አብረውኝ የሚሠሩና ቀረጻ የሚማሩ ወጣቶች ስለ እሱ ደጋግመው የሚጠይቁኝን ከነመልሱ ጽፌዋለሁ።

ዶልፊን ምንድን ነው? ይከፈልበታል?

ፋይሎችን ለማየት፣ ለመቅዳት፣ ለማዛወር፣ ስም ለመቀየርና ለመሰረዝ የሚያገለግል ፕሮግራም ነው። በዊንዶውስ ላይ ፋይል ኤክስፕሎረር የሚሠራውን እሱ በሊኑክስ፣ ማለትም በዊንዶውስ ፈንታ በሚጫነው ነጻ ሲስተም ላይ ይሠራል። ያዘጋጀው ኬዲኢ የሚባለውን የሊኑክስ ዴስክቶፕ (መስኮቶቹንና ሜኑዎቹን የያዘውን የስክሪን ገጽታ) የሚሠራው የኬዲኢ ማኅበረሰብ ሲሆን፣ በ2008 እ.ኤ.አ. ኬዲኢ 4 ሲወጣ የኮንከረርን ቦታ ተረክቦ ዋናው ፋይል ማኔጀር ሆነ። ኮንከረር ድረ ገጽንም ፋይልንም በአንድ መስኮት የሚከፍት ሁለገብ ፕሮግራም ነበር፤ ዶልፊን ግን ፋይል ላይ ብቻ እንዲያተኩር ተደርጎ ተሠራ። ትክክለኛ ውሳኔ ነበር እላለሁ። ክፍያ የለውም፤ ኮዱም ለሁሉም ክፍት ነው።

ቪዲዮውን የሚያጫውተው የት ላይ ነው? እኔ አላገኘሁትም።

ኤፍ 11 የሚለውን ቁልፍ ይጫኑ። በመስኮቱ ቀኝ በኩል የመረጃ ሰሌዳ ይከፈታል። አንድ ቪዲዮ ሲመርጡ ከቪዲዮው የተወሰደ ምስል እዚያ ላይ ይወጣል፣ ከእሱ ጋር የማጫወቻ ቁልፍና ወደ ፊት ወደ ኋላ የሚጎተት መስመር አለ። ከሥሩ ደግሞ የፋይሉ መጠን፣ የተቀረጸበት ርዝመት፣ የምስሉ ስፋትና ቁመት ይዘረዘራል።

በቆዩት የኬዲኢ ስሪቶች ላይ አንድ ጊዜ ጠቅ ማድረግ ፋይሉን ስለሚከፍተው ብዙ ሰው ሰሌዳውን ሳያየው ሌላ ማጫወቻ ይከፈትበታል። ጠቅ ማድረግ አያስፈልግም፤ ማውሱን ፋይሉ ላይ ማሳረፍ ይበቃል።

ሰሌዳው ላይ በማውሱ ቀኝ ቁልፍ ጠቅ ሲያደርጉ ከሚመጡት ምርጫዎች አንዱ ቪዲዮና ድምፅ ሲመረጥ በራሱ እንዲጀምር የሚያደርግ ነው። ለሥራ ቀን አብሩት፤ የቀስት ቁልፉን ወደ ታች በጫኑ ቁጥር የሚቀጥለው ቪዲዮ ወዲያው ይጀምራል፣ እጅዎ ከኪቦርዱ አይነሳም። ሰው አጠገብዎ በተቀመጠበት ቀን ግን አጥፉት፤ ፎልደር በከፈቱ ቁጥር የሌላ ደንበኛ ሰርግ መጮህ የለበትም። ሰሌዳው ጠባብ መስሎ ከታየዎት ጠርዙን በማውስ ይዘው ወደ ግራ ይጎትቱት። የምስሉ ሳጥን አብሮት ይሰፋል።

ቪኤልሲ እያለ ይህ ለምን ያስፈልጋል?

ቪኤልሲ የሚባለው ቪዲዮ ማጫወቻ ለማየት ነው። ዶልፊን ውስጥ ያለው ማጫወቻ ለማወቅ ነው። ሁለቱ የተለያዩ ሥራዎች ናቸው፣ ልዩነቱንም የተማርኩት በመጥፎ መንገድ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ የመልስ ዝግጅት ቀርጬ ፋይሎቹን ስለይ፣ ከትንንሾቹ ምስሎች መካከል አንዱ ድፍን ጥቁር ነበር። ካሜራው ቦርሳ ውስጥ ሳይጠፋ የቀረጸው መሰለኝ። ሰረዝኩት፣ የቆሻሻ ቅርጫቱን ባዶ አደረግሁ፣ ካርዱንም ለሚቀጥለው ሥራ ፎርማት አደረግሁት። በሳምንቱ ሙሽራው መጥቶ የአያቱን ምርቃት ጠየቀኝ። ያን ጊዜ ትዝ አለኝ፤ እማማ መመረቅ ሲጀምሩ መብራት ጠፍቶ ነበር። እሳቸው ግን አላቋረጡም። በጨለማ ውስጥ ድምፃቸው እየተሰማ፣ ሰው ሁሉ «አሜን» እያለ እስከ መጨረሻው መርቀዋል። ምስሉ ጥቁር ነበር፤ ድምፁ ግን ሙሉ ነበር። ያ ድምፅ ዛሬ የለም።

ፎልደር ውስጥ የሚታየው ትንሽ ምስል ከቪዲዮው የአንድ ቅጽበት ቅንጣቢ ነው። ስለ ድምፁ ምንም አይናገርም፣ ስለ ቀሪው ምስልም አይመሰክርም። ከመሰረዝ በፊት መጀመሪያውን አምስት ሴኮንድ፣ መሐሉን አምስት ሴኮንድ፣ መጨረሻውን አምስት ሴኮንድ ማዳመጥ ያስፈልጋል። ይህን ለ200 ፋይል በሌላ ማጫወቻ ማድረግ ማለት 200 ጊዜ መስኮት መክፈትና መዝጋት ስለሆነ ማንም አያደርገውም፤ እኔም ያላደረግሁት ለዚህ ነው። ፋይሉ በተቀመጠበት ቦታ፣ ከዝርዝሩ ሳይወጡ ሲጫወት ግን ማንም ያደርገዋል።

በእርግጥ ቀላል ነው? ላፕቶፔ አሮጌ ነው፣ ራሙም 4 ጊጋባይት ነው።

የሚጠቀሙት ዴስክቶፕ ኬዲኢ ከሆነ አዎ፤ የሚያስፈልጉት ነገሮች ቀድመው ስለተጫኑ ዶልፊን ብዙ አይጨምርባቸውም። ኤክስኤፍሲኢ ወይም ኤልኤክስኪውቲ በሚባሉት ቀለል ያሉ ዴስክቶፖች ላይ ሲጭኑት ግን የኬዲኢ ፕሮግራሞች የሚጋሯቸውን ፋይሎች አብሮ ጎትቶ ስለሚገባ ክብደቱ ይሰማል። እዚያ ቤት ያሉት ፋይል ማኔጀሮች ቱናርና ፒሲማንኤፍኤም-ኪውቲ ከዶልፊን ይቀላሉ፣ ግን በውስጣቸው ቪዲዮ አያጫውቱም፤ ትንሽ ምስል ከማሳየት አያልፉም። በእነሱ ላይ የምመክረው ኤምፒቪ የሚባለውን ማጫወቻ መጫን ነው። ቁልፍና ሜኑ የበዛበት ስላልሆነ ፋይሉ ላይ ኢንተር እንደተጫነ ይነሳል፣ ኪው የሚለው ፊደል ሲጫን ይዘጋል።

ዶልፊንን በአሮጌ ማሽን ላይ ለማቅለል ሁለት ነገር አድርጉ። አንደኛ፣ በኬዲኢ የሲስተም ቅንብር ውስጥ የፋይል ፍለጋ የሚለውን ክፍል ከፍተው መረጃ ጠቋሚውን አጥፉ። ባሉ የሚባለው ይህ አገልግሎት የሃርድ ዲስኩን ይዘት ከበስተጀርባ እያነበበ ይመዘግባል፣ የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ላይ ደግሞ ጎልቶ ያዘገያል። ሁለተኛ፣ በዶልፊን ቅንብር ውስጥ ቅድመ ዕይታን በሚመለከተው ገጽ ላይ ከተወሰነ መጠን በላይ ለሆነ ፋይል ትንሽ ምስል እንዳይሠራ ወሰን ማበጀት ይቻላል። በኔትወርክ ላይ ላለ ፎልደር ይህ ወሰን የግድ ነው። ለጊዜው ሁሉንም ማጥፋት ከፈለጉ ኤፍ 12 ይበቃል።

የቪዲዮዎቹ ትንሽ ምስል ጨርሶ አይታይም።

ለዶልፊን የቪዲዮ ምስል የሚሠራለት ኤፍኤፍኤምፔግተምስ የሚባል ለብቻው የሚጫን ጥቅል ነው። ጫኑት፣ ከዚያም ከላይ ባልኩት የቅድመ ዕይታ ገጽ ላይ የቪዲዮ ፋይሎች ከሚለው ፊት ለፊት ምልክት መኖሩን አረጋግጡ።

ድምፁ ይሰማል፣ ምስሉ ግን የለም።

ዶልፊን የተጨመቀ ቪዲዮን ራሱ አይፈታም። ሥራውን የሚሰጠው በሲስተሙ ላይ ለተጫኑት ኮዴኮች፣ ማለትም የተጨመቀን ምስልና ድምፅ ለሚፈቱ ትንንሽ ፕሮግራሞች ነው። ኤምፒ4 ወይም ኤምኬቪ የሚለው የፋይሉ ቅጥያ መያዣውን ብቻ ይነግረናል፤ ውስጡ ያለው ምስል በኤች.264፣ በኤች.265 ወይም በኤቪ1 የተጨመቀ ሊሆን ይችላል። ድምፁን የሚፈታው ኮዴክ ኖሮ የምስሉ ከጎደለ የሚያዩት ልክ ይህንን ነው።

ፌዶራና ኦፕንሱሴ የሚባሉት የሊኑክስ ዓይነቶች የኤች.264 እና የኤች.265ን ኮዴኮች በፓተንት ምክንያት ከሲስተሙ ጋር አሟልተው አያቀርቡም። በፌዶራ ላይ አርፒኤም ፊውዥን፣ በኦፕንሱሴ ላይ ፓክማን የተባሉትን ማከማቻዎች ጨምረው ሙሉውን ኮዴክ መጫን ይቻላል። ኡቡንቱና ተከታዮቹ ላይ «የተገደቡ ተጨማሪዎች» የሚባለው ጥቅል ያገለግላል። ጭነው ሲጨርሱ ዶልፊንን ዘግተው እንደገና ይክፈቱት።

ከስልክ የመጣ ቪዲዮ ይንቀጠቀጣል፣ የካሜራው ግን አይንቀጠቀጥም።

አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የፕሮግራሙ አይደለም። አይፎን ከአይኦኤስ 11 ጀምሮ፣ ማለትም ከ2017 እ.ኤ.አ. ወዲህ፣ በኤች.265 መቅረጽ ይችላል፤ ብዙ አንድሮይድ ስልኮችም እንዲሁ። ይህ አጨማመቅ ቦታ ይቆጥባል፣ ለመፍታት ግን ከባድ ነው። ኢንቴል ሙሉውን የመፍታት ሥራ በቺፕ ደረጃ መደገፍ የጀመረው በስድስተኛው ትውልድ፣ በ2015 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት የተሠራ ላፕቶፕ ሁሉን በፕሮሰሰሩ ጉልበት መፍታት ስላለበት 4ኬ ሲሰጡት ይተነፍሳል። ስልክ ይዞ የሚቀርጽ ረዳት ካለዎት ከሥራው በፊት የስልኩን ካሜራ ቅንብር ወደ ኤች.264 እና ወደ 1080 እንዲመልሰው ንገሩት። ፋይሉ ይተልቃል፣ ሥራው ግን ይቀላል።

አንድ ሥነ ሥርዓት ለምን ብዙ ፋይል ላይ ተቆራረጠ?

አብዛኛውን ጊዜ ሚሞሪ ካርዱ ፋት32 በሚባለው የዲስክ አደረጃጀት ስለተዘጋጀ ነው። በዚህ አደረጃጀት አንድ ፋይል ከ4 ጊጋባይት ሊበልጥ አይችልም፣ ስለዚህ ካሜራው ወሰኑ ላይ ሲደርስ ቆርጦ አዲስ ይጀምራል። በሴኮንድ 24 ሜጋቢት የሚቀርጽ ካሜራ ይህን በ24 ደቂቃ ገደማ ይሞላዋል። የተቆረጡት ፋይሎች ተከታታይ ቁጥር ስላላቸው አይጠፉም፣ ግን አንዱን «የተደገመ» መስሎት የሚሰርዝ ሰው አይቻለሁ። የአንዱን መጨረሻና የሚቀጥለውን መጀመሪያ በመረጃ ሰሌዳው ላይ አጫውቱ፤ የቄሱ ቃል መሐል ላይ ተቆርጦ ቀጣዩ ፋይል ላይ ካለቀ አንድ ናቸው።

ፋይሉ 3 ጊጋባይት ነው፣ ግን የትም ቦታ አይጫወትም።

ሲቀረጽ ባትሪው አልቆ ወይም ካርዱ ተነቅሎ ይሆናል። በኤምፒ4 ፋይል ላይ የትኛው ምስል የት እንደሚገኝ የሚናገረው ማውጫ ብዙውን ጊዜ የሚጻፈው ቀረጻው ሲያልቅ፣ በፋይሉ ጫፍ ላይ ነው። ካሜራው ሳይጨርስ ከጠፋ ምስሉና ድምፁ አለ፣ ማውጫው ግን የለም፤ ማጫወቻው ከየት እንደሚጀምር አያውቅም። እንዲህ ያለውን ፋይል አትሰርዙት። በዚያው ካሜራ፣ በዚያው ቅንብር የተቀረጸ ጤነኛ ፋይል ካለ አንትራንክ የሚባል ነጻ ፕሮግራም እሱን እንደ ናሙና ወስዶ ማውጫውን መልሶ ለመሥራት ይሞክራል። ብዙ ጊዜም ይሳካል።

መቅዳቱ መሐል ላይ ተቋርጦም ሊሆን ስለሚችል ከሁሉ በፊት ካርዱ ላይ ያለውንና የቀዱትን መጠን አወዳድሩ። ኤፍ 3 የዶልፊንን መስኮት ለሁለት ይከፍለዋል፤ በአንዱ ካርዱን፣ በሌላው ሃርድ ዲስኩን ከፍተው ጎን ለጎን ታዩታላችሁ።

ፍላሹን ለማውጣት ስሞክር «በሥራ ላይ ነው» ይለኛል።

የመረጃ ሰሌዳው ፍላሹ ላይ ያለ ቪዲዮ እያጫወተ ወይም ጀምሮ ቆም አድርጎት ይሆናል። ፋይሉ ክፍት እስከሆነ ድረስ ሲስተሙ ፍላሹን አይለቅም። ሌላ ቦታ ያለ ፋይል ይምረጡ ወይም በኤፍ 11 ሰሌዳውን ይዝጉ፣ ከዚያ ያውጡት።

ጎትተው አይንቀሉት። ሊኑክስ ሲቀዳ መጀመሪያ ራም ላይ ስለሚያከማች፣ መቅዳት ማለቁን የሚያሳየው መስመር ሞልቶም የመጨረሻው ክፍል ገና ፍላሹ ላይ ያልተጻፈ ሊሆን ይችላል። «ደንበኛው ቤቱ ሲደርስ አይከፍትም» የሚባለው ነገር ብዙ ጊዜ መነሻው ይህች የግማሽ ደቂቃ ጥድፊያ ናት።

ፍላሹ ላይ ያለውን ሁሉ ሰረዝኩ፣ አሁንም ሞልቷል ይላል።

ዲሊት ሲጫኑ ፋይሉ ወደ ቆሻሻ ቅርጫት ይሄዳል፣ የፍላሹ ቅርጫት ደግሞ የሚቀመጠው እዚያው ፍላሹ ላይ፣ በስውር ፎልደር ውስጥ ነው። ኮንትሮልን ይዘው ኤች ሲጫኑ ስውር ፎልደሮች ስለሚታዩ ታገኙታላችሁ። ቅርጫቱን ባዶ ሲያደርጉ ቦታው ይለቀቃል። ሺፍትን ይዞ ዲሊት መጫን በቀጥታ ያጠፋል፣ እኔ ግን የደንበኛ ሥራ ላይ አልጠቀምበትም።

ደንበኛ ያመጣው ፍላሽ ላይ ሁሉም ፎልደር አቋራጭ ሆኗል።

በዊንዶውስ ቫይረስ ተይዟል። ቫይረሱ ትክክለኛዎቹን ፎልደሮች በስውርነት ምልክት ይደብቅና በቦታቸው ወደ ራሱ የሚመሩ አቋራጮችን ይተካል። ሊኑክስ በፋት32 ላይ ያንን የስውርነት ምልክት ስለማይከተል ዶልፊን ላይ ፎልደሮቹ እንደ ወትሮው ይታያሉ። ስም የሌለው የሚመስል ፎልደር ካገኛችሁ ውስጡን እዩ፤ አንዳንዱ ቫይረስ ሁሉንም እዚያ ይከትታል። ቪዲዮዎቹን ቀድተው ካዳኑ በኋላ ፍላሹን ፎርማት ያድርጉት።

ለፋይል በአማርኛ ስም መስጠት ችግር ያመጣል?

አያመጣም፣ ስጡ! የግዕዝ ፊደል በ1999 እ.ኤ.አ. ዩኒኮድ በሚባለው፣ ኮምፒውተሮች ሁሉ ፊደላትን በሚለዩበት መስፈርት ስሪት 3.0 ላይ ገብቷል፣ ዶልፊንም ያለ ምንም ችግር ያሳየዋል። «እማማ ሲመርቁ» የሚል ፋይል ከአሥር ዓመት በኋላም ማንም ሳያጫውተው ያውቀዋል። ማወቅ የሚገባችሁ ሦስት ነገሮች አሉ።

የመጀመሪያው ርዝመት ነው። በሊኑክስ ዋናው የዲስክ አደረጃጀት ኤክስት4 ላይ የአንድ ፋይል ስም ወሰን 255 ባይት ነው። አንድ የላቲን ፊደል 1 ባይት ሲይዝ የእኛ አንድ ፊደል 3 ባይት ይይዛል፣ ስለዚህ ለአማርኛ ወሰኑ 85 ፊደል ነው። በዊንዶውስ ኤንቲኤፍኤስ ላይ ግን 255 ፊደል መጻፍ ይቻላል። «የአቶ እገሌና የወይዘሪት እገሊት የጋብቻ ሥነ ሥርዓት በቅድስት...» እያለ የሚቀጥል ስም ከዊንዶውስ ወደ ሊኑክስ ሲቀዳ «ስሙ ረዝሟል» የሚል መልእክት የሚመጣው ለዚህ ነው።

ሁለተኛው ሞክሼ ፊደል ነው። ኮንትሮልን ይዘው አይ ሲጫኑ ማጣሪያ ሳጥን ይከፈታል፤ «ሰርግ» ብለው ከጻፉ ግን «ሠርግ» ተብሎ የተሰየመው አይመጣም። ለኮምፒውተሩ ሰ እና ሠ፣ ሀ እና ሐ እና ኀ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀ ፈጽሞ የተለያዩ ናቸው። የትኛው ሊጻፍ ይገባል የሚለውን ክርክር ለሊቃውንቱ ትተን፣ በአንድ ቤት የሚሠሩ ሰዎች አንዱን መርጠው ግድግዳ ላይ ይለጥፉት። እኛ ቤት «ሰርግ» ነው።

ሦስተኛው ቀን ነው። ዓመቱን አስቀድሙ፣ ከዚያ ወሩን፣ ከዚያ ቀኑን፦ 2016-05-12። እንዲህ ሲሆን የስም ቅደም ተከተሉ ራሱ የጊዜ ቅደም ተከተል ይሆናል። በጭረት እንጂ በእዝባር (/) አትለያዩት፣ እሱ ለፎልደር መለያ የተያዘ ነው። በስሙ ላይ የኛን ዘመን አቆጣጠር ከጻፉ በሁሉም ላይ ይጻፉ፤ ዶልፊን ፋይሉ የተለወጠበትን ቀን በፈረንጆቹ ስለሚያሳይ ሁለቱን መቀላቀል ኋላ ግራ ያጋባል።

ብዙ ፋይል አንድ ላይ ለመሰየም ሁሉንም መርጠው ኤፍ 2 ይጫኑና ቁጥሩ እንዲገባ በሚፈልጉበት ቦታ ላይ የመሰላል ምልክቱን (#) ያስቀምጡ። ዶልፊን በመሰላሉ ቦታ ተከታታይ ቁጥር ይሞላል። ከተሳሳቱ ኮንትሮልና ዜድ ይመልሰዋል።

ዊንዶውስ ወይም ሌላ ዴስክቶፕ ላይ ነኝ። ተመሳሳይ ነገር አለ?

አለ። ማክ ላይ ፋይሉን መርጦ ስፔስ መጫን በ2007 እ.ኤ.አ. ከወጣው የማክ ስሪት ሌፐርድ ጀምሮ ቪዲዮውን ያጫውታል። በግኖም ዴስክቶፕ ላይ ሱሺ የሚባለውን ሲጭኑ በስፔስ ቁልፍ ያው ይሆናል። ለዊንዶውስ ኩዊክሉክ የሚባል ነጻ ፕሮግራም በማይክሮሶፍት ስቶር ላይ ይገኛል። ሦስቱም በተለየ መስኮት ነው የሚከፍቱት፣ እንደ ዶልፊን ከዝርዝሩ ጎን አይቀመጡም፤ እኔ ዶልፊንን የምመርጠው ለዚች ነው። ዊንዶውስ ላይ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ፦ እየተጫወተ ያለ ፋይል ብዙ ጊዜ ስለሚቆለፍ ስም ለመቀየር ወይም ለመሰረዝ መጀመሪያ ዕይታውን መዝጋት ያስፈልጋል።

የደንበኛን ቪዲዮ ከሰረዝኩ በኋላ የሚቀር ነገር ይኖራል?

ይኖራል፣ ስለ እሱ የሚጠይቀኝ ሰው ማነሱ ያሳስበኛል። ፎልደሩን በከፈቱ ጊዜ የተሠሩት ትንንሽ ምስሎች በእርስዎ ቤት ማውጫ ውስጥ፣ ካሽ በሚባለው ስውር ፎልደር ሥር ተቀምጠው ይቆያሉ። ቪዲዮው ቢሰረዝም፣ ፍላሹ ከነባለቤቱ ቢሄድም የሙሽራዋ ፊት በ128፣ በ256 ወይም ከዚያ በላይ በሆነ የፒክስል መጠን ኮምፒውተርዎ ላይ አለ። ሰዎች ቤታቸውን ከፍተው፣ ልቅሶና ደስታቸውን አምነው ነው የሚሰጡን። ሥራውን አስረክበው ሲጨርሱ ስውር ፎልደሮችን በኮንትሮልና ኤች ያሳዩ፣ ወደ ካሽ ይግቡ፣ ተምብኔይልስ የሚለውን ፎልደር ውስጡን ሁሉ ይሰርዙና ቅርጫቱን ባዶ ያድርጉ። ዶልፊን የሚያስፈልጉትን ምስሎች ፎልደር ሲከፍቱ እንደገና ስለሚሠራቸው የሚበላሽ ነገር የለም። ላፕቶፑን ለመሸጥ ካሰቡ ደግሞ ይህ አይበቃም፤ ዲስኩ ሙሉ በሙሉ መጥፋት አለበት።